ቦራ ያዞራቸው ፈረሶች

ዓርብ፣ ጥር 13 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ዛሬ ከገበያ ገዛሁ። የማታ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ «ፊደል የለየ ሰው በየጊዜው ካልጻፈ ጣቱ ተመልሶ ይዶለዱማል» ብሎናል። የእኔ ጣት አይዶለዱምም። ከክፍሉ ሁሉ ፊደል ቀድሜ የለየሁት እኔ አንዳርጌ ነኝ። የቀደሙኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ግን በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ ስለሆኑ ከውድድር አይገቡም። ባለቤቴ ሐረገ ወይን ፊደል አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ እንዲህ ደፍሬ አልጽፍም ነበር።

ዛሬ ገበያውን በሳቅ ያፈረስኩበትን ልጻፍ። ከደብረ ታቦር መንገድ በኩል አህዮች መጡ። ጀርባቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ፣ ዓይናቸው ያፈጠጠ የእንጨት ፈረሶች ታስረዋል፤ እግራቸው ወደ ሰማይ ነው። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቆመ። እኔ ከጨው ተራው ሆኜ፣ «ጎበዝ፣ ፈረስ በአህያ ሲጫን ካያችሁ ንስሐ ግቡ፤ ዘመኑ አልቋል» አልኩ። እህል ሰፋሪው ሳይቀር ቁናውን ጥሎ ሳቀ። የፈረሶቹ ጌታ አቶ ንጉሴ የሚባል ኮት የለበሰ የጎንደር ከተማ ሰው ነው።

«ይህን አፍ ከየት አገኘኸው?» አለኝ።

«አፌ ቀድሞ ተወለደ፤ እኔ ኋላ ተከተልኩት» አልኩት።

ማታ ለልጄ ለውብነሽ አወራኋት፤ እንደ አህዮቹ እየተራመድኩ፣ በእጄ ጆሮ እየሠራሁ። አየችኝ። «እሺ» አለችና እሳቱን ቆሰቆሰች።

ሰኞ፣ ጥር 16

ውብነሽ ስምንት ዓመቷ ነው። ድሮ ገና አፌን ሳልከፍት ነበር የምትስቀው። ታናሽ ወንድሟ ባለፈው ነሐሴ በትክትክ ካረፈ ወዲህ ሳቋ ተሰወረ። ስሙ በዚህ ቤት እንዳይነሳ አዝዣለሁ። ቁስል ሲነካኩት ያመረቅዛል። ሐረገ ወይን መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን ዝም ትላለች።

እኔ ደህና ነኝ። በነሐሴም ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን አስቄ ነው የሸኘሁ። አንዷ አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ስትስቅ ትዝ ይለኛል። እንዲህ ያለ አንጀት ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይየኝ።

ዓርብ፣ ጥር 20

ፈረሶቹ ከገበያው ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ አጠገብ ተተከሉ። መሐል ላይ ወፍራም ምሰሶ አለ። ከምሰሶው ዙሪያውን እንደ ጃንጥላ ሽቦ አግዳሚ እንጨት ወጥቷል፤ በየአግዳሚው ጫፍ አንዳንድ ፈረስ ታስሯል። ሁለት ጎረምሶች እየገፉ ሲሮጡ ሁሉም ይዞራል። አቶ ንጉሴ ጥሩንባ ባለው የሸክላ ማጫወቻ ዘፈን ይከፍታል። ለመሳፈር አምስት ሳንቲም።

ውብነሽን አንስቼ ቀዩ ላይ አስቀመጥኳት። አንዴ ዞራ ስትመጣ ፊቷ ያው የቤቱ ፊቷ ነው። እንደገና ዞራ ስትመጣ ግን ትስቃለች። ከልቧ ነው የምትስቀው። የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲስ መብቀሉን እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር።

ደስ አለኝ። ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ግን ከነሐሴ ጀምሮ እንደ ዝንጀሮ ስንከባለል፣ እንደ ድመት ስጮህ ያልወጣ ሳቅ በአምስት ሳንቲም ወጣ። ታች ጋይንትን ሁሉ የማስቅ ሰው ጣውላ አሸነፈኝ። ለዚያውም ቀልድ የማያውቅ ጣውላ።

ሐረገ ወይንን «ሳቀች እኮ» አልኳት። «ይመስገን» አለች። ቀጥላም፣ «ነገ ሳንቲሙ ከየት ሊመጣ ነው?» አለች። ሴት ልጅ ደስታን በቁና ትሰፍራለች።

ሰኞ፣ ጥር 23

ጎረምሶቹ «ወገባችን ተቆረጠ» ብለው ጥለውት ሄዱ። አቶ ንጉሴ «የሚያዞርልኝ ካጣሁ እስቴ እሻገራለሁ፤ መካነ ኢየሱስ ሰው አይጠፋም» አለ። ልቤ ደነገጠ።

«ቦራ እያለ?» አልኩት። ቦራ በሬዬ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። «ቦራ ውድማ ላይ ሲዞር ያደገ ነው። የዚህን አገር ጤፍ ብቻውን ያበራየ በሬ ነው።» ብቻውን እንኳ አይደለም። አፌ ካመለጠ ግን ማን ይይዘዋል።

ተስማማን። ቦራ ያዞራል። እኔ በገበያ ቀን እየጮህኩ ልጆች እጠራለሁ። ውብነሽ ያለ ገንዘብ፣ የፈለገችውን ያህል ትጋልባለች። የበሬውን ገለባ እሱ ይችላል። እንዲህ የሚደራደር ሰው ፍርድ ቤት ቢኖር ስንቱ በተፈታ።

አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። ቦራ የእኔ ይሁን እንጂ ጫንቃው ግማሹ የጎረቤቴ የደምሌ ነው። ደምሌም ያለው አንድ በሬ ነው፤ ዳልቻ ይባላል። ሁለታችን የምናርሰው በመቀናጆ ነው። ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደን ዛሬ የሱን መሬት ነገ የኔን እናርሳለን። ቃላችን በሽማግሌ ፊት ነው፦ አንዱ ለሌላው ሳይነግር በሬውን ለሌላ ሥራ አይሰጥም። ደምሌ ለርስት ክርክር ስማዳ ሄዷል። ዳልቻንም እንድጠብቅለት ለኔው ትቷል። ቢኖር እነግረው ነበር። የለም። ዝናብ እስኪመጣ በሬ ቆሞ ከሚያመነዥክ ቢንቀሳቀስ ምን ይለዋል?

ዳልቻን አልነካሁም። ይህ ይጻፍልኝ።

ዓርብ፣ ጥር 27

የቦራን ዓይን አቶ ንጉሴ በጨርቅ ሸፈነው፤ እንዳያዞረው ነው አሉ። ሲነዳ ሄደ። አልለገመም።

እኔ ስጠራ የነበረው እንዲህ ነው፦ «ኑ፣ ገብስ የማይለምን፣ የማይራገጥ፣ ቂጥ የማይልጥ ፈረስ ጋልቡ። የደጃዝማች ፈረስ ቢሆን ማን ያስነካችሁ ነበር?» ወላጆች እየሳቁ መቀነታቸውን ፈቱ። ልጆቹ ተንጋጉ። አቶ ንጉሴ «ጋሽ አንዳርጌ፣ ካንተ ጋር አስመራም ቢሆን እሄዳለሁ» አለኝ።

ከቆላ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ልጇ ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል። ጨው ልትገዛበት የቋጠረችውን ፈታችና ሰጠችኝ። «ጨው ይቅር፤ ልጅ እያለቀሰ ከገበያ አይመለስም» አለች። ተቀብዬ ለአቶ ንጉሴ አቀበልኩት። ልጇ ሲወርድ ደግሞ «ድገሚልኝ» ብሎ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ድምፄ ትንሽ ሻከረ። ነፋሱ ነው።

ውብነሽ እስኪመሽ ጋለበች፤ ስትስቅም ዋለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 2

ሥራ በዛ። ቦራ ደህና ነው። ውብነሽ ዛሬም ሳቀች። ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 7

ሁዳዴ ገባ። የነፍስ አባታችን ቄስ ይግዛው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከፈረሶቹ ዘንድ ቆሙ። መስቀል ተሳለምኩ።

«አንዳርጌ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እንኳ እስከ ትንሣኤ ዕቃ ቤት ገብቷል። የእናንተ ሸክላ አይጾምም?»

«አባቴ፣ ሸክላው ሥጋ አይበላ፣ ወተት አይጠጣ፤ ከኔ ይልቅ እሱ ጿሚ ነው» አልኳቸው።

አልሳቁም። «የበሬውን ዓይን ለምን ሸፈናችሁት?»

«እንዳያዞረው ነው፣ አባቴ።»

«ወዴት እንደሚሄድ እንዳያውቅ ነው እንጂ።» ውብነሽ እየሳቀች በፊታችን አለፈች። አዩዋት። ፊታቸው ፈታ አለ። «ልጅ ሲስቅ ማየት መልካም ነው። እኔ ይህን አልነቅፍም። አንተስ፣ ልጄ፣ የራስህን ለቅሶ መቼ ነው የምትደርሰው?»

ሰው ሲያረጅ በእንቆቅልሽ ያወራል። ይፍቱኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ግን ከዚያ በኋላ የጠራኋቸው ልጆች ጥቂት ናቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 18

ጾሙ ለአቶ ንጉሴ ጠቀመው። እንቁላል በሁዳዴ አይበላምና በየቤቱ ለፋሲካ ይጠራቀማል። ሳንቲም ያጡ ልጆች እንቁላሉን ከየዶሮው ሥር እየሰረቁ ማምጣት ጀመሩ። እሱም አይመልስም፤ ጭድ በሞላ ቅርጫት ይደረድረዋል።

ሐረገ ወይን ከውሃ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ጀመረችኝ። «ወንዝ ላይ ስምህ ነው የሚነሳ። ‹የውብነሽ አባት ልጆቻችንን ሌባ አደረገብን› ይላሉ።»

«እኔ እንቁላል አምጡ አላልኩ።»

«ፈረስ ጋልቡ አላልክም?»

ጎንበስ ብዬ ራቴን በላሁ።

በነገራችን ላይ ቦራ ጫንቃው ላይ ቆስሏል። ቅቤ ቀባሁት። ትንሽ ቁስል ነው።

እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ለሳቅ ማን ከፍሎ ያውቃል? አባቴ በጠፍር ዥዋዥዌ ያስርልን ነበር። ጠፍሩ ሲበጠስ እንወድቃለን፤ መውደቁም ጨዋታ ነበር። አሁን ሳቅ ባለቤት አለው፤ ኮት ለብሷል፤ ሲመሽ ሸራ ያለብሰዋል። ይህን ለአቶ ንጉሴ ብነግረው ይስቃል። ነገ ግን ውብነሽን ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ልጅቱ እዚያ ላይ ነው የምትስቀው።

ዓርብ፣ የካቲት 25

የሚጻፍ አይደለም፤ ግን ልጻፈው።

ዛሬ ገበያው ሞልቷል። ልጆች ተራ ይዘው ይጋፋሉ። ውብነሽ እንደ ወትሮዋ ቀዩ ላይ ናት። ከሷ ኋላ ያለው ሰማያዊው ፈረስ ባዶ ነበር። አቶ ንጉሴ «ይህ ለምን ባዶውን ይዞራል?» ብሎ አንድ የነጋዴ ልጅ አንስቶ አስቀመጠበት። ውብነሽ ዞር ብላ አየችው። ፈረሱ ሳይቆም ዘልላ ወረደች፤ ልጁን በእግሩ ይዛ ጎተተችው። ወደቀ። አፍንጫው ደማ። እናቱ መጮህ ጀመረች፤ ሰው ከበበን።

እኔ ነገር ማብረድ አውቃለሁ። «እመቤቴ፣ ይቅር በሉን፤ የኔ ልጅ ግራዝማች ልትሾም ነው። አንዱን ፈረስ የምትቀመጥበት፣ ሌላውን የምታስጎትተው ካልሆነ አልጋልብም አለች» አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የልጁ እናት ሳትቀር ሳቀች። ነገሩ በረደ።

ውብነሽ የሰማያዊውን ፈረስ ጭራ ይዛ ቆማ ነበር። ገበያው በሷ ይስቃል። ሰዉን አላየችም። እኔን ነው የምታየው።

አቶ ንጉሴ «ከእንግዲህ እንደ ሰው ልጅ ትቀመጥ» አለ።

ቀልዱ ጥሩ ነበር። ሰው በመንገድ ላይ እየደገመው ሲሄድ ሰምቻለሁ። ጥሩ ቀልድ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 27

ጠፍር ፍለጋ ከጎተራው ኋላ ነበርኩ። እናትና ልጅ ደጅ ተቀምጠው ሐረገ ወይን ጸጉሯን ትሠራታለች። ያለሁ አልመሰላቸውም።

«የሰው ልጅ ለምን ጣልሽ?» አለቻት።

«ቦታው ተይዟል ብዬ ነው።»

«በማን?»

«እማዬ፣ ስሙን ልጥራው?» አለች።

«ጥሪው። አባትሽ የለም።»

ጠራችው።

«ስዞር ከኋላዬ እሱ ነው ያለው። ሊደርስብኝ ይጋልባል፣ አይደርስብኝም። ዞር ብዬ ሳየው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ያ ልጅ ሲቀመጥበት ወረደ።»

«ወርዶ የት ሄደ?»

«እንጃ። አባዬ ሰዉን ሲያስቅ ጫጫታ ሆነና አጣሁት።»

ሐረገ ወይን ጸጉር የምትከፍልበት እጇ ቆሞ አየሁት። እኔም ጠፍሩን ሳልይዝ በጓሮ በኩል ወጣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 28

አቶ ንጉሴ ዘንድ ሄድኩ። «ያን ሰማያዊ ፈረስ ባዶውን ተውልኝ» አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ቀልድ ልፈልግ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። «ወንድሟ ነበር» አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩ።

ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሽ አንዳርጌ፣ እኔም ልጆቼን ከመስከረም ወዲህ አላየሁም። የሰው ልጅ እያሳቅሁ ነው የኔዎቹን የማበላ። ዓርብ ዓርብ ባዶ ማዞር አልችልም። በሌላው ቀን ግን ሰው በሌለበት ሰዓት ሁለቱን ፈረሶች ብቻዋን ትያዝ። የሚያዞር በሬ ያንተ ነው።»

ልጠላው ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 1

ማክሰኞም፣ ትናንትም፣ ዛሬም ወሰድኳት። ሜዳው ጭር ብሏል። ውብነሽ ቀዩ ላይ፣ ሰማያዊው ባዶ፤ ቦራ ይዞራል፣ ይዞራል። ዞር ብላ ታያለች። አትስቅም።

«አልመጣም?» አልኳት። አፌ ነው ያለው፤ እኔ ልጠይቅ አላሰብኩም።

ደነገጠች። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችም። «አልመጣም» አለች።

«እኔ ልቀመጥበት?»

«አንተ ትከብዳለህ» አለችኝ።

ቢሆንም ቦራን አላስቆምኩትም። ምናልባት አንድ ዙር ቢጨመር ብዬ። ምናልባት አንድ ደግሞ። ሲመሽ በሬው ቆሞ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

እንደገና ሞከርን። ምንም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ዝናብ ጣለ። መሬቱ ለመጀመሪያው እርሻ፣ ለገመሳ ደርሷል። ሰው ሁሉ ሞፈርና ቀንበሩን አውጥቷል። ደምሌም ከስማዳ ገባ። ክርክሩን ረትቷል። ለቤቴ አንድ ቅል ማር ይዞ መጣ። ዳልቻን ሲያየው «እንዴት አድርገህ ነው የያዝከው፣ ወንድም ዓለም፤ ሰብቷል እኮ» ብሎ አመሰገነኝ። ቦራን ገና አላየውም፤ ወደ ጋጣው ጨለማ በኩል አስሬዋለሁ። ሰኞ እንጠምዳለን አለ። እሺ አልኩ። ልንገረው ብዬ ነበር። ማሩን ካመጣ በኋላ አላስቻለኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 12

ተራው የደምሌ መሬት ነበር። ቦራ ሲወጣ ደምሌ የጎን አጥንቱን አየ፤ ጫንቃውን አየ፤ እኔን አየ። «ምን ነክቶት ነው?» አለ። «ክረምቱ ይመልሰዋል» አልኩ። ቀንበሩን ከቁስሉ ዝቅ አድርገን ጠመድን። እርፉን እሱ ጨበጠ።

ቦራ ጥቂት ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወደ ግራ ታጠፈ። ደምሌ በጅራፍ መለሰው። ደግሞ ታጠፈ። ዳልቻ ወደ ፊት፣ ቦራ ወደ ግራ፤ ቀንበሩ ተንሻፈፈ። ደምሌ ደከመውና ለቀቀው፤ ምን እንደሚያደርግ ሊያይ። ቦራ ዳልቻን እየጎተተ ዞረ። የተሸፈነ ዓይን የለው፣ የሚነዳው የለው፤ በገዛ ራሱ ዞሮ የጀመረበት ላይ ቆመ። የጣልነው ትልም ክብ ነው። መሬቱ ላይ ውድማ ተሥሎ ቀረ።

ከላይኛው ማሳ ያሉ አራሾች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። አንዱ «አንዳርጌ፣ ዘሩን በሸክላ ታዘራዋለህ?» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። ሁሉም አውቀዋል ማለት ነው፤ ያላወቀ ደምሌ ብቻ ነው። አሁን እሱም አወቀ።

ጅራፉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ዳልቻንም አዙረሃል?»

«ዳልቻን አልነካሁም፤ በልጄ ይሁንብኝ።»

«በየትኛዋ ልጅህ?» አለ። ወዲያው ያለው ነገር ቆጨው፤ ፊቱን አዞረ። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ አንተ ግን ገደሉን ለበሬውም አልነገርከው። ለምን አልላክብኝም? ስማዳ ያን ያህል ሩቅ ነው?»

ልጄ ትስቅ ነበር ልለው ነበር። ክቡን ትልም እያየሁ ይህ አይባልም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 21

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቄስ ይግዛውም ነበሩ። መቀናጆው ፈረሰ። ደምሌ ዳልቻን ከሌላ ሰው በሬ ጋር ያቀናጃል። የኔን መሬት፣ የራሱን ሲጨርስ፣ በእኩል ያርስልኛል፤ ምርቱ ግማሽ የሱ። ከዚህ የከፋ ሊፈረድብኝ ይችል ነበር። ክረምት መሐል ግማሽ እህል እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን። ሐረገ ወይን ሲነገራት ባዶውን ጎተራ እንደሞላ ሁሉ ክዳኑን ገጠመችው።

ሽማግሌዎቹ ሲነሱ ሰው ከኔ ቀልድ ጠበቀ። ልማድ ነው። አንዱ እንደውም «በል እንጂ» አለኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 23

አቶ ንጉሴ ነቅሎ ሄደ፤ እስቴ ነው የሚሻገረው። «አብረኸኝ ና፤ አፍህ ወርቅ ነው፤ በየከተማው ደመወዝ እከፍልሃለሁ» አለኝ። አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም። የማያውቁኝ ሰዎች ሲስቁ ታዩኝ። «ልጆቼ» ብዬ ጀመርኩና፣ «ልጄ አለች» ብዬ አስተካከልኩት።

ሲሰናበተኝ ለውብነሽ ቀይ ጥብጣብ ሰጠኝ። ለቤቱ የሚሆን እንቁላልም ሊሰጠኝ ነበር። አልተቀበልኩም።

ሰኞ፣ መጋቢት 26

ቦራ ለፋሲካ ቅርጫ ተሸጠ። የማያርስ በሬ ገለባ ይጨርሳል። የቅርጫ ማኅበርተኞቹ ቆዳውን በጣታቸው እየሳቡ «ሥጋ የለው፤ አጥንት ልንካፈል ነው» ይላሉ። እንደሱ ሲሉ ዋጋ ለመጣል ነው። እኔ ገመዱን አስረክቤ ሄድኩ። ዞሬ አላየሁም። ሐረገ ወይን ግን ከበር ላይ ሆና እስኪሰወር አየችው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 2

ትንሣኤ ነው። ከበሮው ወጣ። ሰው እንኳን አደረሳችሁ እየተባባለ ይገባል፣ ይወጣል። ለኛም ከቦራ አንድ መደብ ሥጋ ደርሶን ነበር። ለአንዲት ድሃ ሰጠሁት። ዶሮዋን በላን።

ውብነሽ በላች። ጥብጣቡን አላሰረችውም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 21

ገበያ ወጣሁ። ሰማያዊ ቀለም የተላጠበት ስንጥር መሬት ላይ አየሁ፤ አላነሳሁትም። ሰዎች ጠሩኝ፤ «አንዳርጌ፣ አዲስ ነገር የለም?» አሉ። «የለም» አልኩ። አንዱ ታምሜ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 2

ዛሬ ደምሌ የኔን መሬት ያዘ። በቃሉ ነው የመጣ፤ አልዘገየም። እሱ ከፊት ያርሳል፣ እኔ ከኋላ በዱላ ጓል እሰብራለሁ። ከበሬ ኋላ እርፍ ሳልጨብጥ መሄድ እንዴት እንደሚከብድ ሰው ካልሆነበት አያውቅም። ምሳ ያመጣችልን ውብነሽ ናት። ምሳውን ካስቀመጠች በኋላ አልሄደችም። አጭር እንጨት አንስታ ከጎኔ ጓል መስበር ያዘች።

ብዙ ሰበርን።

«አባዬ፣ አታወራም?» አለችኝ።

«ቀልዱ አለቀብኝ።»

«ቀልድ አላልኩም።»

ዱላዬን ተደገፍኩ። ደምሌ ከፊት «ና፣ ዳልቻ» ይላል። ከዚያ፣ ለበሬ እንደሚናገር ሰው መሬቱን እያየሁ፣ «አዱኛ ቢኖር ከማናችን ጎን ይሆን ነበር?» አልኩ።

እንጨቷ ቆመ። ያለ ፈቃድ ዕቃ የነካሁ ይመስል አየችኝ። ከዚያ አሰበችበት፤ እንደ ትልቅ ሰው ነው ያሰበችበት።

«ካንተ ጎን» አለች። «ጓሉን ግን አይሰብርም። ወደ ዳልቻ ይወረውራል። ከዚያ አንተ ትቆጣዋለህ፣ ከዚያ እሱ ወደኔ ይሮጣል።»

«እቆጣዋለሁ» አልኩ። «ሁልጊዜ ነበር የምቆጣው። አዱኛን...» ትልሙ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። እንደ ሴት ነው ያለቀስኩት፤ እንደ ሕፃን፤ ድምፅ አውጥቼ፤ ከላይኛው ማሳ እየተሰማ። ከነሐሴ ወዲህ የት ተቀምጦ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ደምሌ በሬዎቹን አቆመ። ዞሮ አላየኝም፤ እርፉን ይዞ ወደ ተራራው እያየ ቆመ።

ውብነሽ ጎንበስ ብላ ፊቴን አየች። አልፈራችም። በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ።

«ስታለቅስ እሱን ትመስላለህ» አለች።

ከዚያ ከጎኔ ተቀመጠች። ደምሌ እስኪበቃኝ ጠበቀ፤ ኋላ ጅራፉን ሳያጮህ በሬዎቹን ነዳ። ተነስተን ተከተልነው። ዝናቡ ሳይደርስ ግማሹን መሬት ጨርሰናል፤ የቀረው ነገ ነው።